ሃምሳ ሰው የሞላበት አራስ ቤት

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሁለቱ «እውነት አይደል?» ብለው ነው። ሦስተኛዋ ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ ነው የላከችልኝ። እሷን አውቃታለሁ፣ የሁለት ወር አራስ ናት። ይህን ምላሽ ከማንም በላይ የምጽፈው ለእሷ ነው።

ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ ይኸው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እናቶቻችን አሥር ወልደው አያውቁትም። እኛ አገር አራስ ብቻዋን ስለማትተው በሽታው መግቢያ የለውም። አሁን አሁን ከታየም ሃይማኖት ስለላላ ነው፤ ጸሎትና ጸበል ይበቃዋል። የባል ድርሻ ቀለብ ማምጣት ነው፣ አራስ ቤት የሴቶች ጉዳይ ነው። በእርግዝና ክትትል ላይ ስለዚህ ነገር ማውራትም ይቅር፤ ሴቶቹን ያስፈራል፣ መድኃኒቱም የእናትን ወተት ይመርዛል።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። ጸሐፊውን አላውቃቸውም፤ በክፋት የጻፉትም አይመስለኝም። ስለ ገንፎውና ስለ እልልታው የጻፉትን ሳነብ እንዲያውም ፈገግ ብያለሁ። በነጥብ በነጥቡ ልመልስላቸው።

«እናቶቻችን አያውቁትም»

ጸሐፊው እናታቸውን ምሳሌ አድርገዋል። ዘጠኝ ልጅ ሲወልዱ አንድም ቀን ከፍቷቸው አላየሁም ይላሉ። ግን ልጅ የእናቱን አራስነት የት አግኝቶ ያያል? ያኔ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ «ውጣ፣ ደጅ ተጫወት» ተብሎ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ እያሳደደ ነው።

እናቶቻችን ስሙን አላወቁት ይሆናል። ነገሩን ግን በደንብ ያውቁታል። አራስ ትራስ ሥር ቢላ የሚቀመጠው ለምንድን ነው? ለሽንት እንኳ ብቻዋን አትውጣ የሚባለውስ? «ነካት»፣ «ለከፋት»፣ «የአራስ ብርድ ገባባት» የሚሉት ቃላት ከየት መጡ? አንዳንዱ በእርግጥ ትኩሳትና ኢንፌክሽን ነበር። አንዳንዱ ግን ዝም ያለች፣ ሌሊቱን የማትተኛ፣ ልጇን ማየት ያስጠላት ሴት ነበረች። አያቴ ስለ አንዲት ዘመዳችን ስታወራ «ከወለደች በኋላ ሳቋ አልተመለሰም» ትል ነበር። ስንት ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አልሰማሁም።

ቁጥሩም የፈረንጅ ነው አይልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፤ በዋናነት ድብርት ነው። በታዳጊ አገሮች ቁጥሩ 19.8 በመቶ ይደርሳል። የፈረንጅ በሽታ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በተገላቢጦሽ በሆነ ነበር።

ጸሐፊው የወሊድ ድብርት ያለባትን እናት ለመለየት ስለምንጠቀምበት መጠይቅም «መጠይቁም ከውጭ የመጣ ነው» ብለዋል። እውነት ነው፣ አሥር ጥያቄ ያለው የኤድንብራ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1987 በስኮትላንድ የተሠራ የእነሱ ሥራ ነው። የእኛ አገር ጥናት ግን እንዳለ አልዋጠውም። አዲስ አበባ ላይ ሲፈተን ሠራ። ቡታጅራ አካባቢ ገጠር ላይ ሲፈተን ግን ሌላ፣ ሃያ ጥያቄ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ በልጦት ተገኘ። ያኛው ራስ ምታት አለሽ ወይ፣ ምግብ ይበላልሻል ወይ፣ እንቅልፍሽስ እያለ ይጠይቃል። ለምን እንደበለጠ የራሴ ግምት አለኝ። የእኛ እናቶች «ከፍቶኛል» ከማለት «ራሴን ይወቅረኛል፣ ልቤን ይጨንቀኛል» ማለት ይቀላቸዋል። ታማሚዋ አለች ማለት ነው። የምትናገረው በሌላ ቋንቋ ነው እንጂ።

አንድ ነገር ላጥራ። ከወለደች ከሦስተኛ አራተኛው ቀን ጀምሮ ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ ሆድ መባስ ከግማሽ በላይ በሆኑ እናቶች ላይ ይታያል። በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይሄዳል። እሱ በሽታ አይደለም። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሕፃኑ ተኝቶም እሷ መተኛት ካቃታት፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኛት፣ መኖር ካስጠላት ግን ሌላ ነገር ነው።

«አራስ ብቻዋን አትተውም»

እዚህ ላይ ረዘም ባደርግ ይቅር በሉኝ። የጽሑፉ ምሰሶ ይሄ ነው። ግማሹ ደግሞ እውነት ነው።

የሚያግዛትና የሚሰማት ሰው ያላት እናት በድብርት የመያዝ ዕድሏ ያንሳል። ይህ በብዙ አገር ተደጋግሞ ታይቷል። የእኛ የአራስ ወግ ደግሞ ለዚሁ የተሠራ ይመስላል። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የዶሮው መረቅ፣ ገላ ማጠቡ፣ ሕፃኑን ማሸቱ። «ማረስ» የሚል ቃል ያለን ሰዎች ነን እኮ! እናቷ አረሰቻት፣ አክስቷ ቤት ታረሰች እንላለን። አራስን መንከባከብ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን ቋንቋችን ያውቃል። መሬት ማረስም በዚያው ቃል ነው፤ ሁለቱም ወገብ ይቆርጣሉ።

ጸሐፊው የሳቱት ግን ሰው መኖሩንና ድጋፍ መኖሩን አንድ ማድረጋቸው ላይ ነው።

የራሴን ላውራ። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። ቤታችን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልመጣ ሰው የለም ብል ማጋነን አይሆንም። የእኔ መሥሪያ ቤት፣ የባሌ መሥሪያ ቤት፣ እድርተኛው፣ ማኅበርተኛው፣ የባሌ ዘመዶች ከነልጆቻቸው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ገቡ። ዳቦ የያዘ አለ፣ ዳይፐር የያዘ አለ። ሁሉም ደግ ሰው ነው። ሁሉም ግን ተቀመጠ። የተቀመጠ ሰው ደግሞ ቡና ይፈላለታል፤ ሰዓቱ ከደረሰ ምሳ ይቀርብለታል። እናቴ እኔን ልታርስ ነበር ከደሴ የመጣችው። ቀኑን ሙሉ እንግዳ ስታስተናግድ ትውልና ማታ ወገቧን ይዛ ትወድቃለች። ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ እሷን መቀስቀስ አሳዘነኝ። ቁስሌን ይዤ ብቻዬን እነሳ ነበር።

ሶፋው ላይ ያሉት ደግሞ ያወራሉ። «ምነው፣ ጡትሽ ወተት የለውም እንዴ?» «ልጁ ከሳ ልበል?» «ኦፕራሲዮን ነው? አይ፣ አምጠሽ ብትወልጂ ይሻል ነበር።» የእኔስ ወንድ ነበር። በዚያው ሰሞን ሴት የወለደችው ጎረቤቴ «ግድ የለም፣ ቀጣዩ ወንድ ይሆናል» ስትባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅቷ እዚያው ክንዷ ላይ ተኝታ።

በሦስተኛው ሳምንት መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧ ከፍቼ ማልቀስ ጀመርኩ። ልጄ ተኝቶም እንቅልፍ አይወስደኝም። «ይሄ ልጅ ከእኔ ይልቅ ከእናቴ ጋር ቢያድግ ይሻለዋል» የሚል ሐሳብ እየመጣ አስቸገረኝ። ሙያዬ ነው እኮ! ሌላ ሴት ይህን ብትነግረኝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለራሴ ግን «ሰነፍሽ» ነው ያልኩት። በቀን ቢያንስ አሥር ሰው ያየኝ ነበር፤ አንዱም አላየኝም። ለ45 ቀኑ ክትባት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ተመዘነ፣ ተከተበ፣ ካርዱ ላይ ተጻፈ። እኔን ቀና ብሎ ያየ የለም። ላማርር አልችልም፤ እኔም በሥራዬ ላይ ስንቷን እናት እንዲሁ አሰናብቼ ነበር።

ያነሳኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሕክምና ነው፤ እመለስበታለሁ። ሌላው ከሥራችን ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ እትዬ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አንኳኩ። ዳቦ አልያዙም። ሳሎንም አልተቀመጡም። ልጁን ተቀበሉኝ፣ የቆሸሸውን ልብስ ፌስታል ውስጥ ከተቱ፣ «ተኚ» ብለውኝ ሄዱ። ሊጠባ ሲል መልሰው አመጡት። ይህን ሁለት ሳምንት ሙሉ አደረጉ። በአምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ልጁን እያቀፉ «እኔንም ሁለተኛዬን ስወልድ እንዲህ አድርጎኝ ነበር» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ያን ቀን ያለቀስኩት ግን የሌላ ዓይነት ለቅሶ ነበር።

ጸሐፊው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው» ብለዋል። ሃምሳው ሰው ሎሚውን ከተሸከመ ልክ ናቸው። እኔ ቤት ሃምሳው ሰው መጥቶ ቡናውን ጠጣ፤ ሎሚው እናቴና እኔ ላይ ቀረ።

የሰው ብዛት ቁም ነገር አለመሆኑን ለማየት ሩቅ አገር እንሂድ። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ለድብርት የተጋለጡ ናቸው የተባሉ 701 አዲስ እናቶች ላይ አንድ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ግማሾቹ መደበኛውን አገልግሎት ብቻ አገኙ። ለሌሎቹ ደግሞ ራሷ በወሊድ ድብርት ውስጥ ያለፈች በጎ ፈቃደኛ እናት በስልክ ትደውልላቸዋለች። በቃ፣ ስልክ ነው። በ12ኛው ሳምንት የድብርት ምልክት የታየባቸው በስልክ ከተደገፉት 14 በመቶ፣ ከሌሎቹ 25 በመቶ ነበሩ። አንዲት የምታውቀው ሴት፣ አንድ ስልክ። የእኔ እትዬ ማለት ናቸው።

ይህ ጥናት ውጭ ላሉት የእኛ ሰዎች ይበልጥ ይገባል። ጸሐፊው «እዚያ የሚያርስ ስለሌለ ነው የሚታመሙት» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈዋቸዋል። እህቴ ሜሪላንድ ነው የወለደችው። እናቴ ልታርሳት ቪዛ ብትጠይቅ አልተሰጣትም። የእህቴ ባል የሌሊት ፈረቃ ይሠራ ነበር። ገንፎ የሚያገነፋ አልነበራትም። የያዘቻት በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት የምትደውል አንዲት የሰፈሯ ሐበሻ ናት፤ ሁለቱም ጡት እያጠቡ ነበር የሚያወሩት። እናቴም ከዚህ በቪዲዮ «አጥሚቱን አቅጥኚው፣ እንዲህ አማስዪ» እያለች አረሰቻት። እህቴ ደህና ሆነች። እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ የታመምኩት እኔ ነኝ።

«ጸሎትና ጸበል ይበቃዋል»

እኔም እጸልያለሁ፣ ጸበልም እጠመቃለሁ። ከጸሐፊው ጋር የምጣላው በእምነት አይደለም። ግን አንድ ነገር የረሱ ይመስለኛል። በእኛ ሥርዓት ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ሙስሊም እህቶቻችንም በአራስነታቸው፣ እስከ 40 ቀን ድረስ፣ አይሰግዱም፣ አይጾሙም። እንግዲህ ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእነዚሁ ሳምንታት ውስጥ ነው። ከምታመልክበት ቦታ የራቀችበት ጊዜ ማለት ነው። «ቤተ ክርስቲያን ትሂድ» ማለት ታዲያ እንዴት ይሆናል?

የንስሐ አባት ግን ቤት ይመጣሉ፣ ጸበል ይረጫሉ። ረጭተው ሲጨርሱ አጠገቧ ትንሽ ተቀምጠው «አንቺስ እንዴት ነሽ ልጄ?» ቢሏት ትልቅ ነገር ነው። ሐኪም ያዘዘላት መድኃኒት ካለም «አቁሚ» ባይሏት።

«ሃይማኖቷ ስለላላ ነው» የሚለው ግን ጉዳት አለው። ራስን መውቀስ የዚህ በሽታ አንዱ ምልክት ነው። ራሷን ስትወቅስ ለምትውል ሴት «እምነትሽ ጎድሎ ነው» ማለት በቁስሏ ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው። ያየኋቸው ታማሚዎች ውስጥ ዳዊት ሳይደግሙ የማይውሉ ነበሩ።

ደግሞ ከድብርት የተለየ፣ ከሺህ ወላድ አንድ ሁለቷን የሚይዝ ከባድ ሕመም አለ። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በድንገት ይጀምራል። የሌለ ድምፅ ትሰማለች፣ የሌለ ነገር ታያለች፣ እንቅልፍ ጭራሽ የላትም፣ ልጁን በተመለከተ ያልተለመደ ነገር ትናገራለች። ሰው ቶሎ «ለከፋት» የሚለው ይሄን ነው። ለእሷ ቀጠሮ አይያዝም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው፤ ከሕፃኑ ጋርም ብቻዋን አትተውም። ጸበሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

«ባል ቀለብ ያምጣ»

በዚህስ ሕጉም ከጸሐፊው ጋር ሳይስማማ አይቀርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት ደግሞ ሦስት ተከታታይ ቀን። በሦስት ቀን በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ቀና ብላ መራመድ እንኳ አትጀምርም።

«የሐበሻ ባል አራስ ሚስቱን ይሳሳላታል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደስ ይላል። ለሁሉም ቤት ቢሠራ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 በአሥር አገሮች የተደረገ ጥናት አውጥቶ ነበር። የእኛ አገር ጥናት የተደረገው ቡታጅራ ገጠር ውስጥ ነው። ከተጠየቁት ሴቶች 71 በመቶዎቹ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ከባላቸው ወይም ከጓደኛቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። ከዚያ ሁሉ አገር ከፍተኛው ቁጥር ነበር። ለወሊድ ድብርት ከሚያጋልጡ ነገሮች ደግሞ የትዳር ሰላም ማጣትና ጥቃት ከፊት ይሰለፋሉ። ቀለብ ይህን አይሸፍንም።

ባሌ መጥፎ ሰው አይደለም። ያኔ ግን ማታ ማታ ይጠፋ ነበር። በኋላ ስንነጋገር «ቤቱ በሴት ተሞልቶ የምቀመጥበት አጣሁ» አለኝ። ተናድጄ ነበር፤ ሳስበው ግን እውነቱን ነው። ገብቶ ልጁን ሊያቅፍ ሲል «አንተ ተው፣ ትጥለዋለህ» ይሉታል። አባቶችም እኮ ይደብታሉ፤ ከአሥር አንዱ ያህሉ። እሱን የሚጠይቅ ማን አለ?

ነገሩን ካወቀ በኋላ ያደረገው ቀላል ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ልጁ የእሱ ሆነ። ሁለተኛው ነገር ደግሞ በር ላይ ቆሞ ለዘመዶቹ «ተኝታለች፣ ሌላ ቀን ኑ» ማለት ነው። እኔ ብል ጥጋበኛ እባላለሁ። እናቴ ብትል ያኮርፋሉ። ከእሱ ሲሆን ግን ይሰማል።

«ባይወራ ይሻላል፣ መድኃኒቱም መርዝ ነው»

በወሬ የሚመጣ በሽታ ቢሆን በወሬ ባልዳነም ነበር። ፓኪስታን ገጠር ውስጥ ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ሠራተኛ ሴቶች ለድብርት ሕክምና የሚሆን የውይይት ዘዴ ተማሩ። ሐኪሞች አይደሉም፤ የእኛን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚመስሉ ናቸው። በእርግዝና ላይ እያሉ ድብርት የተገኘባቸውን ሴቶች ቤታቸው እየሄዱ አወሯቸው፤ ባልንም አማትንም እያሳተፉ። ከወለዱ በስድስተኛው ወር በድብርት ውስጥ የነበሩት 23 በመቶ ነበሩ። እንዲሁ ቤታቸው ሲጎበኙ ግን ዘዴው ካልደረሳቸው ሴቶች ውስጥ 53 በመቶ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ነው። እኛ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ ፕሮግራሙ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጸሐፊው «አይወራ» የሚሉት በእነዚህ ሴቶች አፍ እንዳይወራ ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ሁሉም መድኃኒት አንድ አይደለም። ለሚያጠቡ እናቶች ብዙ ጊዜ ከሚመረጡት አንዱ ሰርትራሊን ነው፤ ወደ ወተት የሚገባው መጠን በጣም ትንሽ ስለሆነ። እኔ የወሰድኩት እሱን ነው። ሐኪሙ ስለ ጡቱም፣ ስለ ልጁም ጠይቆ ነው ያዘዘልኝ። ስምንት ወር ወሰድኩ። ልጄን ሁለት ዓመት አጠባሁት። አሁን ትምህርት ቤት ገብቶ እኔን ሒሳብ ይፈትነኛል።

ሁለተኛዋን ስወልድ እኔና ባሌ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍን። «እንግዳ የምንቀበለው ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነው። ቡና የለም። ልብስ የሚያጥብ ወይም ሕፃን የሚይዝ ሰው ግን በማንኛውም ሰዓት ይግባ።» እናቴ አፈረች፣ ሁለት ጊዜ ቀደደችው። እትዬ ወረቀቱን ሳያነቡ ነው የገቡት። አንዲት አክስቴ ግን እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች።